ቅቡን አይተው ይግዙ፦ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለስሜን ግርጌ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎች መመሪያ

በእኛ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጫፉ ላይ ነው። ሽቦው ደህና ሆኖ ተርሚናሉ ይጠቁራል፤ ባትሪው ገና አዲስ ሆኖ ማሰሪያው ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ምጣዱ እየሠራ መሰኪያው ይቀልጣል። ጫፉ ከሽቦው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ላዩ ብዙ ጊዜ በሌላ ብረት ተለብጧል። ያ ስስ ቅብ ቲን ይሁን ኒኬል፣ ዚንክ ይሁን ክሮም፣ መጋጠሚያው ስንት ክረምት እንደሚሻገር በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

ይህ መመሪያ ሶላር ለሚተክሉ፣ ወፍጮ ቤት ለሚያስተዳድሩ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠሩ፣ እንዲሁም ለቤታቸው ሶኬትና መሰኪያ ለሚገዙ ነው። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ይያዙ። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ስለሆነ አይነካም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለውንም ዋናውን ብሬከር ሳያጠፉና መጥፋቱን በቴስተር ሳያረጋግጡ አይንኩ። ሙያው ከሌለዎት ዕቃውን ይምረጡ፣ ገጠማውን ግን ለባለሙያ ይስጡ።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የመዳብን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም 100 ብለን ብንነሳ የሌሎቹ እንዲህ ይሆናል፦

- ብር፦ 105 ገደማ
- ወርቅ፦ 70 ገደማ
- አሉሚኒየም፦ 61 ገደማ
- ዚንክ፦ 29 ገደማ
- ብራስ (ቢጫው ነሐስ)፦ 27 ገደማ
- ኒኬል፦ 25 ገደማ
- ብረት፦ 17 ገደማ
- ቲን፦ 15 ገደማ
- ክሮም፦ 13 ገደማ
- እርሳስ፦ 8 ገደማ

ብር ከሁሉም የበለጠ ያስተላልፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ኦክ ሪጅ በተባለ ቦታ ለሠሯቸው ግዙፍ ማግኔቶች የሚሆን መዳብ ሲያጥራቸው ከግምጃ ቤታቸው ከ13 ሺህ ቶን በላይ ብር ተበድረው መጠቅለያ ሽቦ አድርገውታል። ለእኛ ሥራ ግን ዝርዝሩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያለው ቲን በመላው ዓለም የኬብል ተርሚናል የሚለበጥበት ዋነኛው ብረት ነውና።

ምክንያቱ የቅቡ ስስነት ነው። የቲን ቅብ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ የማይበልጥ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ግጥሚያ ላይ የ10 ማይክሮን ቲን የሚፈጥረው ሬዚስታንስ የ16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር ርዝመቱ ካለው ከ90 ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ከምንም አይቆጠርም።

የሚቆጠረው ሁለቱ ገጾች የሚነካኩበት ቦታ ነው። ለዓይን ልሙጥ የሚመስል ብረት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ወጣ ገባ ነው። የስሜንን ተራሮች ገልብጦ በሌሎች ተራሮች ላይ እንደ መድፋት ነው፤ የሚነካካው ጫፍ ከጫፍ ብቻ ነው፣ ኤሌክትሪኩም የሚያልፈው በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች ነው። ነጥቦቹ ላይ ዝገት ከገባ መንገዱ ይጠባል፤ ሲጠብ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ዝገቱ ይብሳል። ቲን ላዩ ላይ የሚሠራው ቆዳ ስስና ተሰባሪ በመሆኑ ቡሎን ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፣ ለስላሳው ቲንም ተጨፍልቆ ከወዲያኛው ገጽ ጋር ይጋጠማል። የአሉሚኒየም ቆዳ በአንጻሩ ጠንካራና ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነው። ስለዚህ ቅብ ሲመርጡ የሚጠይቁት «ይህ ብረት ስንት ያስተላልፋል?» ብለው ሳይሆን «ላዩ ከዓመታት በኋላ ምን ይሆናል?» ብለው ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃው የሚውልበትን ቦታ ይወስኑ

ዳባት ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር ያልፋሉ። ይህ ከፍታ ለመጋጠሚያ ሁለት ፈተና ያመጣል።

አንደኛው ሙቀት ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ከጋለ ብረት ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ብዙዎቹ የቤት ብሬከሮችና የማከፋፈያ ሳጥኖች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስበው የሚሠሩ ናቸው፤ ደባርቅ ከዚያ በላይ ነች። ስለዚህ 16 አምፒር የተጻፈበትን ሶኬት ለሰዓታት በሙሉ 16 አምፒር ማስጨነቅ እዚህ አይመከርም።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ቀን በፀሐይ የጋለ ብረት ሌሊት በብርዱ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙ ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ዝናብ የማይነካው ዕቃ ሁሉ ደረቅ ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አራት ጥያቄ ይመልሱ፦ ውጪ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? ስንት አምፒር ያልፍበታል? አንዴ ታስሮ የሚቀር ነው ወይስ በየቀኑ የሚነቀል? አጠገቡ እሳት ወይም የባትሪ አሲድ አለ?

ደረጃ 2፦ ከቅቡ በታች ያለውን በማግኔት ይፈትሹ

ቅብ ጥሩውን ብረት እንደሚጠብቅ ሁሉ መጥፎውንም ይሸፍናል። የምጣድ መሰኪያን እንመልከት። እግሮቹ ነጭ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ጥሩው ዕቃ ብራስ ላይ ኒኬል የተቀባ ነው፤ ርካሹ ግን ብረት ላይ ኒኬል የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ ሲታዩ መንታ ናቸው።

ትንሽ ማግኔት ያስጠጉ። ኒኬል ራሱ በማግኔት ይሳባል፤ ቅቡ ስስ ስለሆነ ግን ብራስ ላይ ሲሆን ማግኔቱ ቢስብ እንኳ በደካማው ነው። ጠበቅ አድርጎ ከያዘ ከታች ያለው ብረት ነው፤ ይመልሱት። የሶኬቱንም የውስጥ ምላስ ማየት ከተቻለ በዚሁ መንገድ ይፈትሹ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የ3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ንጹሕና ጥብቅ ግጥሚያ 0.005 ኦም ቢኖረው እዚያ ነጥብ ላይ የሚባክነው 1.3 ዋት ያህል ነው፤ እጅ ላይ እንኳ አይሰማም። ያው ግጥሚያ ላልቶና ዝጎ 0.05 ኦም ቢደርስ 12.8 ዋት ይሆናል። ከአንድ የመሰኪያ እግር በማይበልጥ ቦታ ላይ ይህን ያህል ሙቀት ሲታፈን ፕላስቲኩ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። የቢጫነት ምልክት ካዩ መሰኪያውንም ሶኬቱንም አብረው ይቀይሩ። አዲስ መሰኪያ የተቃጠለ ሶኬት ውስጥ ቢገባ በቶሎ ይበላሻል።

ደረጃ 3፦ ቅቡን ከሥራው ጋር ያዛምዱ

*ቲን፦* አንዴ ታስረው ለሚቀሩ መጋጠሚያዎች የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ለሶላር ባትሪ ተርሚናል፣ ለኢንቨርተር ኬብል፣ ለማከፋፈያ ሳጥን። ሁለት ድካም አለበት። በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ከምጣድ ኤለመንት አጠገብ አይውልም። በንቅናቄም ይጎዳል፤ መኪና ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚኖር የላላ የቲን መሰኪያ ላዩ እየተፋቀ በጥቁር ዱቄት ይሞላል። ስለዚህ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በየዕለቱ በሚወጣ መኪና ላይ የቲን ተርሚናል በጥብቅ መታሰር አለበት።

*ኒኬል፦* ጠንካራ ነው፣ መነቀልና መሰካት አይጎዳውም፣ ሙቀት ይችላል። በቲን የተለበጠ የመዳብ ሽቦ እስከ 150 ዲግሪ፣ በብር የተለበጠ እስከ 200፣ በኒኬል የተለበጠ እስከ 260 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ይሠራል። ስለዚህ ለምጣድ የታችኛው ግጥሚያና ለመሰኪያ እግር ኒኬል ይሻላል። ቆዳው ጠጣር በመሆኑ ግን ጥሩ ጭምቀት ይፈልጋል፤ የላላ የኒኬል ግጥሚያ ቶሎ ይግላል።

*ብር፦* ብዙ አምፒር ለሚያበሩና ለሚያጠፉ ነጥቦች ነው። የወፍጮ ቤት ሞተር ማስነሻ ኮንታክተር ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ከብር ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ብር ከድኝ ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር ከጎማ ዕቃና ከሚፈላ ባትሪ አጠገብ አያስቀምጡት።

*ወርቅ፦* አይዝግም፤ ስለዚህ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው የሲም ካርድና የስልክ ገመድ ነጥቦች ላይ ይውላል። ለባትሪ ኬብል «ወርቅ ቅብ» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርብዎ አይክፈሉ። ደግሞም ጥንድ ይጠብቁ፤ ወርቅ ከወርቅ፣ ቲን ከቲን። ሁለቱ ሲደባለቁ ቲኑ ይጎዳል።

*ዚንክ፦* ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ ወደር የለውም፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ የፓኔል ማቆሚያና የጣሪያ ቆርቆሮ በእሱ ይለበጣሉ። የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ገጽ አድርገው ግን አይጠቀሙበት። የባትሪ አሲድ ትነትም ቶሎ ይበላዋል።

*ክሮም፦* ለመልክ ነው። ለመጋጠሚያ አይግዙት።

*በአኖዳይዝ የተሸፈነ አሉሚኒየም፦* የሶላር ፓኔል ፍሬም ሽፋን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የግራውንድ ሽቦ እላዩ ላይ ዝም ብለው ቢያስሩ ያሰሩ ይመስልዎታል እንጂ አልተገናኘም። በፍሬሙ ላይ በተመለከተው የግራውንድ ቀዳዳ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብተው ሽፋኑን እስኪበሳ ያጥብቁ።

ደረጃ 4፦ አሉሚኒየምና መዳብን ራቁታቸውን አያገናኙ

አሉሚኒየምና መዳብ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ በመሆኑም በሙቀትና በጭምቀት እየሸሸ ቡሎኑን ያላላዋል። ቤቶችን በአሉሚኒየም ሽቦ መዘርጋት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተስፋፍቶ ነበር። የሀገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እንዳለው ከ1972 በፊት የተሠሩ የአሉሚኒየም ሽቦ ያላቸው ቤቶች፣ ከመዳብ ሽቦ ቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሶኬት ግጥሚያቸው ላይ ለእሳት አደጋ የሚያበቃ ሁኔታ የመፈጠር ዕድላቸው 55 እጥፍ ነው።

መፍትሔው መካከለኛ ማስገባት ነው። በቲን የተለበጠና ለሁለቱም ብረቶች የተፈቀደ ተርሚናል ወይም ግማሹ አሉሚኒየም ግማሹ መዳብ ሆኖ በፋብሪካ የተበየደ ተርሚናል ይግዙ። ሁለቱን ሽቦዎች ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የተከለከለ ነው።

ውሃ የሚወርድበትንም ይመልከቱ። ከመዳብ ላይ የወረደ የዝናብ ውሃ አሉሚኒየምንም ዚንክንም ይበላል። ስለዚህ ባዶ የመዳብ ሽቦ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አይዘርጉ፤ መዳቡ ከታች፣ አሉሚኒየሙና ዚንኩ ከላይ ይሁኑ።

ደረጃ 5፦ በቅደም ተከተል ያስሩ

1. የሁለቱን ገጾች አቧራ በደረቅ ጨርቅ፣ ቅባቱን በአልኮል ይጥረጉ።
2. ያልተለበጠ አሉሚኒየም ከሆነ ስስ የአሉሚኒየም ኬብል ግራሶ ይቀቡ፤ ካጡ ቫዝሊን ያገለግላል። በግራሶው ውስጥ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉት። ደርቆ ከተፈተገ ቆዳው ወዲያው ይመለሳል፤ ግራሶው አየር ይከለክለዋል።
3. ተርሚናሉን በቀጥታ ከወዲያኛው ገጽ ጋር ያጋጥሙ። *በመካከላቸው ሮንዴላ አይግባ።* ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ከገጽ ወደ ገጽ ነው፤ የቡሎኑ ሥራ መጭመቅ ብቻ ነው። ሮንዴላ መሃል ከገባ አንዱ ግጥሚያ ሁለት ይሆናል፣ የማይዝግ ብረት ደግሞ ከመዳብ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አያስተላልፍም።
4. ከላይ ጠፍጣፋ ሮንዴላ፣ ቀጥሎ ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ በመጨረሻ ዳዶ። ከባትሪ አጠገብ ካልሆነ ዚንክ ቅብ ቡሎን እዚህ ቦታ ላይ ችግር የለውም።
5. በመፍቻ ያጥብቁ፤ በፒንሳ አይታመኑ። የባትሪ እርሳስ ግን ለስላሳ ስለሆነ ከልክ በላይ አይጭመቁት።
6. ካጠበቁ በኋላ ከውጭ በስሱ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ጤዛ ይከለክላል።

ደረጃ 6፦ ሲያጸዱ ቅቡን አይላጩ

በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት የጠቆረን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው። የስልክ ነጥብ ላይ ያለው ወርቅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢፍቁት አልቋል። የቲን ተርሚናልም ከተፋቀ መዳቡ ይገለጣል። እነዚህን በጨርቅና በአልኮል ብቻ ያጽዱ።

የወፍጮ ቤት ኮንታክተርም እንዲሁ ነው። የብር ነጥብ ሲጠቁር የተበላሸ ይመስላል፤ ያ ጥቁረት ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በሞረድ ሲሞርዱት ውዱን ብር ያራግፋሉ፣ ገጹም ተጣሞ የሚነካካው ቦታ ያንሳል። ነጥቡ እስከ ሥሩ ከተበላ ወይም ከተጣበቀ ይቀየራል፤ ጠቆረ ብሎ ግን አይሞረድም።

ባትሪ ላይ ግን አሲዱን ማርከስ ያስፈልጋል። ሰማያዊ አረንጓዴ ዱቄት መዳብ መበላቱን ያሳያል፤ ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳሱ ነው። መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ኔጋቲቩን አስቀድመው ይፍቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጠው በብሩሽ ያጽዱ፤ ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። አጥበው አድርቀው ሲመልሱ ኔጋቲቩ የመጨረሻ ይሁን።

ደረጃ 7፦ በቴስተር ይለኩ

የኦም መለኪያ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የተለመደ ቴስተር ከግጥሚያው ይልቅ የራሱን ገመድ ይለካል። ይልቁንም ኤሌክትሪክ እያለፈ የጠፋውን ቮልት ይለኩ። ይህን በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ብቻ ያድርጉ፤ በ220 ቮልት አይሞከርም።

ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በማሰሪያው ላይ ያሳርፉ። ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሳ፤ ሶላር ከሆነ ኢንቨርተሩ ላይ ከባድ ጭነት ይጨምር። ከ0.1 ቮልት በታች ካነበበ ግጥሚያው ጤናማ ነው። ከ0.2 በላይ ከሆነ ይፍቱት፣ ያጽዱት። በ20 አምፒር ሶላር ላይ 0.3 ቮልት መጥፋት ማለት 6 ዋት እዚያው ነጥብ ላይ እየነደደ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ የዲሽ ገመድና የግራውንድ ዘንግ ሲገዙ

እስካሁን «ቅቡ ስስ ስለሆነ ሬዚስታንሱ አይቆጠርም» ብለናል። የዲሽ ገመድ ከዚህ ይለያል። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሪክ የሚፈስሰው በሽቦው ቆዳ ላይ ነው፤ በ50 ኸርዝ የመብራት መስመር 9 ሚሊሜትር ድረስ ዘልቆ የሚገባው፣ ወደ 900 ሜጋኸርዝ ሲደርስ መዳብ ውስጥ 2 ማይክሮን ገደማ ብቻ ይገባል። ስለዚህ ብረት ሆኖ በመዳብ የተለበጠ የዲሽ ሽቦ ምስሉን በደህና ያደርሳል። ነገር ግን በዚያው ሽቦ 13 ወይም 18 ቮልት ዲሲ ወደ ዲሹ ራስ ይሄዳል፤ ዲሲው ደግሞ በመላው ሽቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ብረቱ ያስቸግረዋል። በ50 ሜትር ገመድ ላይ የንጹሕ መዳብ መሃል ሽቦ 1 ኦም፣ ብረት ላይ የተለበጠው 5 ኦም ገደማ አለው። ከቤቱ ርቆ ለተተከለ ዲሽ አንዳንድ ቻናል ብቻ እየጠፋ ካስቸገረ መሃል ሽቦውን በማግኔት ይፈትሹ። ገመዱ አጭር ከሆነ ግን ርካሹ ይበቃል።

የግራውንድ ዘንግ ላይ ደግሞ ውፍረት ይጠየቃል። ደህናው ዘንግ በብረት ላይ 0.25 ሚሊሜትር ያህል መዳብ የተለበጠበት ነው፤ መዳብ የሚመስል ቀለም ብቻ የነካው ግን በሚስማር ሲጫር ወዲያው ብረቱ ይታያል። የስሜን ግርጌ አፈር ባዛልት ድንጋይ የበዛበት ነውና ዘንጉን በመዶሻ በግድ ካስገቡት ቅቡ ይገፈፋል። አለት ካጋጠመዎ ቦታ ይቀይሩ ወይም ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት። ዚንክ ቅብ ዘንግ ከመረጡ ባዶ መዳብ ከመሬት በታች አያስሩበት፤ ከመሬት በላይ በቲን በተለበጠ ማሰሪያ ያገናኙትና ከእርጥበት ይሸፍኑት።

የዓመቱ ሥራ

ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የውጭ መጋጠሚያዎችን ሁሉ ያጥብቁና ቫዝሊናቸውን ያድሱ። መስከረም ላይ የባትሪ ማሰሪያዎችን ከፍተው ያጽዱ፣ በቴስተር ይለኩ። ታኅሣሥና ጥር ላይ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ስለሚራራቅ የላላ ቡሎን ይፈልጉ። የምጣዱን መሰኪያ ደግሞ በየሳምንቱ፣ እንጀራው ተጋግሮ እንዳለቀና ብሬከሩ እንደጠፋ፣ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት፤ ከለብታ አልፎ ካቃጠለዎት መቀየሪያው ደርሷል።

ጎንደር ወይም መርካቶ ዕቃ ለመግዛት ሲወርዱ ትንሽ ማግኔትና አንድ ሚስማር በኪስዎ ይያዙ። ነጋዴው አንድ ተርሚናል እንዲጭሩ ከፈቀደልዎ በሚስማሩ ጫር አድርገው ከቅቡ በታች ቀይ መዳብ መኖሩን አይተው ደርዘኑን ይግዙ። ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።